የኡባልዶ ወገብና የስቅለት ሸክም

ኡባልዶ ጠዋት ከአልጋው የሚነሣው በአንድ ጊዜ አይደለም፤ በየተራ ነው። መጀመሪያ እግሩ ይወርዳል፣ ቀጥሎ ክርኑ ይመጣል፣ ከዚያ ጭንቅላቱ ቀና ይልና ወገቡን ይጠብቃል። ወገቡ ደግሞ የክብር እንግዳ ነውና ሌላው ሁሉ ከተሰበሰበ በኋላ፣ ደስ ባለው ሰዓት ነው የሚመጣው። ሚስቱ ኤርሊንዳ በዚያ መሃል ባቄላውን ጥዳ፣ ቶርቲያ የሚሉትን የበቆሎ ቂጣ ጋግራ፣ ደጁን ጠርጋ ትጨርሳለች። ተመልሳ ስታየው እሱ ገና የአልጋውን ራስጌ እንደያዘ ነው።

መቼም ዕድሜውን ሙሉ ከሚኖርባት ከአንቲጓ እስከ አገሩ ዋና ከተማ የሚመላለስ፣ ወንበሩ ውስጥ ስፖንጅ የሚባል ነገር የሌለው አውቶብስ ሲነዳ የኖረ ሰው ወገቡን ቢያመው አይደንቅም። የሚደንቀው ኡባልዶ ለሕመሙ የሚሰጠው ምክንያት ነው። አንድ ቀን ብርድ ነው፣ አንድ ቀን የፍራሹ ጥፋት ነው፣ አንድ ቀን ደግሞ የጎረቤት ዓይን ነው። ቁርጥማት ግን በጭራሽ አይደለም። ቁርጥማት የሽማግሌ በሽታ ነዋ! እሱ ደግሞ የልጅ ልጆቹ አያታችን ይበሉት እንጂ ሽማግሌ አይደለም።

ይህ ሁሉ ክህደት የመጣው ከአንድ ነገር ነው። በስቅለት ዕለት መስቀል የተሸከመውን የጌታን ሐውልት የያዘ፣ ቤት የሚያህል የእንጨት መድረክ ከተማውን ይዞራል። ግራና ቀኝ ካሉት አግዳሚዎች ሥር ሐምራዊ ቀሚስ የለበሱ ወንዶች ትከሻቸውን ይሰጣሉ፤ በየመንገዱ መታጠፊያ ደግሞ ተራ ይቀያየራሉ። ሸክሙ እኩል እንዲያርፍ ተራው የሚደለደለው በትከሻ ከፍታ ነው፤ አጭር ከአጭር፣ ረጅም ከረጅም። ኡባልዶ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ከረጃጅሞቹ ጋር ነው። የረጃጅሞቹ ተራ ደግሞ የሚያልፈው በገዛ ሰፈሩ፣ በገዛ ደጁ ፊት ነው። ከኋላው ሁልጊዜ አበልጁ ኢፖሊቶ ይቆማል፤ የኡባልዶን ሴት ልጅ ክርስትና ያነሣው፣ ከወንድም የሚቀርበው ሰው። ኡባልዶ ከዚህ ቦታ ከምነቀል ከዚህ ዓለም ብነቀል ይሻለኛል ይላል፤ ይህንንም ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ሲናገር ይውላል።

ሐኪም ዘንድ ከመሄዱ በፊት ያልሞከረው የለም። የመንገድ ማዶዋ ጎረቤት የእባብ ስብ አመጣችለት። ተቀባው፤ ሽታው እስኪለቀው ድረስ የሰፈር ውሻ እንኳ ሲያየው መንገድ ይቀይር ነበር። ገበያ ላይ አንዱ አጭበርባሪ ማግኔት የተሰፋበት ቀበቶ ሸጠለት። ቀበቶው ሕመሙን አልሳበም፤ የኤርሊንዳን መርፌዎች ግን አንድ ሳያስቀር ስቧል። በመጨረሻ ወጌሻ ቤት ሄደ። ወጌሻው በሆዱ አስተኛውና በሁለት ጉልበቱ ጀርባው ላይ ወጣበት። ጠረቅ የሚል ድምፅ ተሰማ። "ገባ" አለ ወጌሻው በኩራት። ምን እንደገባ፣ ከየትስ ወጥቶ እንደነበር እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ ኡባልዶ ግን ከዚያ ቤት የወጣው በሁለት ሰው ተደግፎ ነው።

ያኔ ነው ኤርሊንዳ ትዕግሥቷ አልቆ ክንዱን ይዛ ሐኪም ዘንድ የወሰደችው። ዶክተር ማሳሪዬጎስ ወጣት ሴት ናት፤ ኡባልዶ ገና ከበሩ ሲያያት "ይቺ ልጅ እናቷ የት ሄዳ ነው?" ብሎ ለኤርሊንዳ አንሾካሾከ። ዶክተሯ ሰምታ እንዳልሰማ ሆነች። የራጅ ፎቶውን መብራት ላይ ሰቅላ ቀስ ብላ አስረዳችው። በአከርካሪው አንጓዎች መሃል ያለው ልም አጥንት ተበልቷል፤ አጥንት ከአጥንት ይፋተጋል፤ ብግነቱ ከዚያ ነው። አንጓዎቹም እየተቀራረቡ፣ ጀርባውም እየጎበጠ ሄዶ ቁመቱ ቀንሷል። መድኃኒቱ ሲብስበት የሚዋጥ ነው፤ ዋናው ሥራ ግን የራሱ ነው አለችው። በየቀኑ ይራመድ፣ ጠዋት ወገቡን በሙቅ ነገር ያሙቅና ያፍታታ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ፍልውሃ ገብቶ ይንቀሳቀስ፣ ቦርጩን ይቀንስ፣ ወጌሻ ቤት ደግሞ ዳግም አይድረስ።

"በሽታው አይጠፋም ዶን ኡባልዶ፤ ግን ይገራል" አለችው። "የሚገራው በእንቅስቃሴ ነው። ከተኙለት ይጫወትብዎታል።"

ኡባልዶ ከዚህ ሁሉ ምክር አንዲት ጥያቄ ነበር ያወጣው። "ለስቅለት እሸከማለሁ?"

ዶክተሯ መሸከም የለበትም አለች። ይህን ጊዜ ኡባልዶ ሽንጡን ገትሮ ተነሣ፤ ደግሞ ለክርክር ሲሆን ሽንጡ ይገተርለታል። ዐምና ተሸክሜ አንድም አላመመኝም፣ ካቻምናም አላመመኝም፣ እንዲያውም ሌላ ቀን የሚያመኝ ወገቤ መድረኩ ሥር ስገባ ነው የሚተወኝ፤ ይህ የጌታ ተአምር ካልሆነ ምንድን ነው ብሎ አፈጠጠባት። ዶክተሯ መልስ አጣች። እንዲህ ያለ ነገር በሕክምና ትምህርት ቤት አላስተማሯትም።

ቤቱ እንደገባ ለጎረቤቱ ሁሉ ሐኪሟ ተኛ ብላኛለች ብሎ አወጀ። ኤርሊንዳ አፏን ይዛ ቀረች።

"አንተ ሰውዬ፣ ስትናገር እኔም እዚያው ነበርኩ እኮ። ተንቀሳቀስ ነው ያለችህ።"

"አነጋገሯ አልገባሽም" አላትና ሄዶ ተኛ።

ተኛ ስላችሁ ደግሞ ዝም ብሎ መተኛት አይምሰላችሁ፤ እንደ ሥራ ይዞት ነው የተኛው። ምሳው አልጋው ላይ፣ ራዲዮው አልጋው ላይ፣ ስድቡም ከአልጋው ላይ። ወገቡም ዶክተሯ ያለችውን አደረገ፤ ይበልጥ ተገተረና ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ ግድግዳ የሚይዝ ሰው አደረገው። እሱም "አያችሁ፣ ገና ዕረፍት ስላልጠገበ ነው" ብሎ ተጨማሪ ተኛ።

አበልጁ ኢፖሊቶ ሊጠይቀው የመጣው በዚህ መሃል ነው። ኢፖሊቶን ያው ቁርጥማት ከኡባልዶ ቀድሞ ነው የያዘው፤ የሚታከመውም ያችው ዶክተር ዘንድ ነው። ልዩነቱ እሱ የተባለውን መስማቱ ነው። ማለዳ ማለዳ ሙቅ ፎጣ ወገቡ ላይ አድርጎ ሰውነቱን ያፍታታል፣ በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ አውቶብስ ይዞ ፍልውሃ ይወርዳል። እዚያ የሚያገኛቸው በአበባ ኮፍያ ፀጉራቸውን የሸፈኑ አሮጊቶችን ነው፤ እጅ ወደ ላይ ሲባል አብሯቸው እጁን ያነሣል፣ ዙሩ ሲባል ይዞራል። ዶክተሯም ይህን ሁሉ አይታ፣ በቃ የራስህን ድርሻ አንድ ተራ ብቻ ተሸከም ብላ ለስቅለት ፈቅዳለታለች። ኢፖሊቶ ይህን በቅን ልቡ ነው የነገረው፤ ና አብረን እንሂድ ለማለት ነው።

ኡባልዶ እስኪያመው ሳቀ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስሙን ዳክዬ አለው። "ዳክዬ ደህና አደርክ?" "ዛሬስ እንቁላል ጣልክ?" "አሮጊቶችህ እንዴት ናቸው፣ አንዷን ለኔም አትድርልኝም?" ኢፖሊቶ ይስቃል እንጂ አይቆጣም ነበር። ግን ያን ቀን ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ ኡባልዶን ትኩር ብሎ አየው፤ ሊናገር አፉን ከፍቶ ተወው።

ሁዳዴው ሲጋመስ የተሸካሚዎቹ ማኅበር አዲስ ኃላፊ ጉድ አፈላ። ድሮ ነባር ተሸካሚ የተራ ካርዱን አድሶ ይሄዳል እንጂ አይለካም ነበር። አዲሱ ኃላፊ ግን ሽማግሌ የለ፣ ወጣት የለ፣ ሁሉም ትከሻውን ይለካ አለ። ኡባልዶ ኤርሊንዳ እየደገፈችው ሄዶ ምልክት የተሰመረበት እንጨት ሥር ቆመ። ለካው፤ ደግሞ ለካው። ከዚያ "ከአጭሮቹ ተራ" አለና የሌላ መንገድ ካርድ ሊሰጠው እጁን ዘረጋ።

ዙሪያውን የቆሙት ወጣቶች አንገታቸውን ደፉ፤ ያ መድፋት ደግሞ ከሳቅ ይበልጥ አቃጠለው። ካርዱን አልቀበልም፣ ዛሬ ስላመመኝ ነው፣ ሌላ ቀን እለካለሁ ብሎ ወጣ። ቤቱ ገብቶ ግን አለቀሰ። ኤርሊንዳ አጠገቡ ተቀምጣ፣ አጥንት ቢያጥር ሰው አያጥርም፣ ማን ምን አለህ ብላ አባበለችው። እሱ እንባውን ጠርጎ ጫማ ሰፊ ቤት ሄደ።

ጫማ ሰፊውን ያዘዘው ነገር ቀላል ነበር፤ የጥቁር ጫማውን ተረከዝ ከሥርም ከውስጥም ከፍ አድርግልኝ፣ አፍህን ደግሞ ዝጋልኝ። ጫማውን አድርጎ ሲወጣ አንድ ክንድ ያደገ መሰለው፤ እርግጥ አካሄዱ ሽቅብ ጣራ ላይ የወጣች ፍየል ያስመስለው ነበር። ኤርሊንዳ እንዳየችው "የታመመ ወገብ ይዘህ እንደ ሙሽራ በተረከዝ ትሄዳለህ? እንዲህ ያለ ራስን መጥላት የት ነው የተማርከው?" አለችው። ጆሮ ዳባ ልበስ አላት። ሄዶ ተለካ፤ ቀሚሱ ጫማውን ሸፍኖለት ነበርና የድሮ ካርዱን አፉን ሞልቶ እየሳቀ ተቀበለ። ዓይኑን በጨው አጥቦ "ያኔ ደህና ስላልቆምኩ ነው" አላቸው።

ስቅለት ደረሰ። በየመንገዱ በቀለም ሰጋቱራ የተሠራው ምንጣፍ ተነጥፏል፣ የሐዘን ሙዚቃው ይነፋል፣ ሕዝቡ ግራና ቀኝ ተገጥግጧል። ተራቸው ሲጠራ ኡባልዶ ቦታው ገባ፣ ኢፖሊቶ ከኋላው ገባ፣ አግዳሚውም ትከሻው ላይ አረፈ።

እናቴ ድረሽ! ይህ ነገር ዐምና እንዲህ አልነበረም። እንጨቱ ከትከሻው ገብቶ ቁልቁል በጀርባው ወርዶ ወገቡ ላይ ሲደርስ እሳት ሆነ። መድረኩ እንደ ልማዱ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ በተወዛወዘ ቁጥር አንጓዎቹ ሁሉ በየስማቸው ይጮኻሉ። ላብ ዓይኑ ውስጥ ገባ። የት አለ ተአምሩ? ጥርሱን ነክሶ፣ አንዷን ድንጋይ አልፎ ሌላዋን እየረገጠ፣ ጌታ ሆይ እስከ ደጄ ብቻ አድርሰኝ እያለ ይጸልይ ጀመር። ጌታም ሰማው መሰል፣ የግራ ጫማው ተረከዝ ከመንገዱ ድንጋይ መሃል ተቀርቅሮ ተገነጠለ።

ኡባልዶ ወደታች ወረደ። አግዳሚው ግን አልወረደም፤ እዚያው ላይ ቀረ። ሕመሙም ወዲያው ተወው።

ትንሽ ሄደ። ቀለለው። እፎይ ሊል ሲል ደነገጠ፤ ይህን ቀላልነት ያውቀዋል። የዐምናው ነው፤ የካቻምናውም ነው። ሽቅብ አየ፤ በአግዳሚውና ትከሻው ላይ ባደረጋት ትንሽ ትራስ መሃል ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ነበር። ለካ ተአምር ብሎ ለጎረቤት ሲያወራ፣ ዶክተሯን መልስ ሲያሳጣ የኖረው ነገር ይህ ኖሯል። ሰውየው ሐምራዊ ቀሚስ ለብሶ፣ ነጭ ጓንት አድርጎ፣ ለዓመታት አየር ሲሸከም ነው የከረመው።

ከኋላው የኢፖሊቶ ትንፋሽ ይሰማዋል። እንደ ደከመ በሬ ያቃስታል። አንዱ ያልያዘውን የሚይዘው ከኋላው ያለው ነዋ፤ እንጨት የሰው ክብር አያውቅም።

አሁን ማድረግ ያለበት የታወቀ ነው፤ እጁን አንሥቶ መውጣትና ከጎን ለሚሄዱት ተጠባባቂዎች ቦታውን መልቀቅ። ግን መንገዱ ታጥፎ ሰፈሩ ገባ። ጎረቤቶቹ በየበረንዳው ቆመዋል። ባለ እባብ ስቧ ሴትዮ ደረቷን እየመታች "አያችሁት ዶን ኡባልዶን፣ ወገቡን እያመመው ቀጥ ብሎ ሲሸከም" እያለች ታለቅሳለች። ኡባልዶስ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ፊቱን የሰማዕት ፊት አስመሰለ። በጣቶቹ ቆሞ ትከሻውን እንጨቱ ላይ ሊያደርስ ሞከረ፤ ወገቡ አላስችል አለው፤ ተወው። በእጁ አግዳሚውን ደግፎ የሚሸከም መስሎ ሄደ። ከደጁ ፊት ኤርሊንዳ ቆማ ነበር። እሷ ክፍተቱን አየች። ባሏን ለአፍታ እንኳ አላየችውም፤ ዓይኗ ከኋላው ኢፖሊቶ ላይ ነበር፣ እጇንም አፏ ላይ ጫነች።

"አበልጄ" አለ ኢፖሊቶ ከኋላው በቀጭን ድምፅ። "ወይ ተሸከም፣ ወይ ውጣ። ሦስተኛ ዓመቴ ነው፤ ዛሬስ አቃተኝ።"

ኡባልዶ እጁን አነሣ። በሰፈሩ መሃል፣ በሚስቱ ፊት፣ በጎረቤት ሁሉ ዓይን ሥር፣ አንድ ተረከዝ ባለው ጫማ እያነከሰ ወጣ። አንድ ረጅም ወጣት ዘሎ ቦታው ገባና መድረኩ ቀና አለ። ማንም አልሳቀበትም፤ ሁሉም መድረኩን ነበር የሚያየው። ኡባልዶ ኢፖሊቶን ነበር የሚያየው። ወጣቱ ቢገባም ለኢፖሊቶ ዘግይቶበታል፤ መታጠፊያው ላይ ተራቸው አልቆ ሲወጣ በጉልበቱ ወድቆ በሰው ተደግፎ ተነሣ።

ትንሣኤ ሆነ። ኡባልዶ ያን ቀን ወግ አላወራም፣ ዳክዬም አላለም። በበዓሉ ማግስት ኤርሊንዳን ሳይነግራት አውቶብስ ተሳፍሮ ፍልውሃ ወረደ። አሮጊቶቹ አበልጁ የት እንደቀረ ጠየቁት። በአልጋ ላይ ነው አላቸው፤ ማን እንዳስተኛው አልነገራቸውም። እጅ ወደ ላይ ሲሉት አነሣ፣ ዙር ሲሉት ዞረ። ከውሃው ሲወጣ ወገቡ፣ ሊያምን ቢቸግረውም፣ ትንሽ ለቀቅ ብሎለት ነበር። ይህ ደግሞ ይበልጥ አንጀቱን አሳረረው። ይህን ያህል ቀላል ከነበረ ያን ሁሉ ጊዜ ምን ቆርጦት ተኛ?

በቀጥታ ኢፖሊቶ ቤት ሄደ። ሚስትየዋ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ተኝቷል አለችው፤ ፊቷ ግን ሂድልኝ ይል ነበር። ኡባልዶ አልሄደም። እዚያው ደጃፍ ላይ ቆሞ በመስኮቱ በኩል ድምፁን ከፍ አደረገ።

"አበልጄ፣ ውሃ ገባሁ።"

የኢፖሊቶ ድምፅ ከውስጥ መጣ።

"ከአሮጊቶቹ ጋር?"

"ከአሮጊቶቹ ጋር።"

"ዋና ትችላለህ እንዴ?"

"አልችልም። የገንዳውን ዳር ብረት ይዤ ነው የዋልኩት።"

ኢፖሊቶ ሳቀ፤ ሳቁ ወዲያው ወደ ማቃሰት ዞረ። ግባ አለው። ኡባልዶ ገብቶ አልጋው አጠገብ ቆመ። አበልጁ ሙቅ ውሃ የሞላበት ላስቲክ ከወገቡ ሥር አድርጎ በጎኑ ተኝቷል፤ ፊቱ ገርጥቷል። ዶክተሯ አይታው ሄዳለች። በዕረፍትና በመድኃኒት ይሻለዋል፣ ቀስ ብሎም ወደ ውሃው ይመለሳል፤ ከእንግዲህ ግን የራሱን ድርሻም ቢሆን አይሸከምም ብላዋለች።

ኡባልዶ ይህን ሲሰማ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና እንደ ልጅ አለቀሰ። ይቅር በለኝ አለው፤ አንተ የምትወደውን ነገር እኔ ነኝ የቀማሁህ፣ ዝም ብለህ ለምን ተሸከምክልኝ፣ ያኔውኑ ለምን አልነገርከኝም አለው።

"ብነግርህ ትሰማኝ ነበር?" አለ ኢፖሊቶ። "ደግሞ ከፊቴ ሌላ ሰው እንዲቆም አልፈለግኩም።"

ሚስትየዋ ሁለት ብርጭቆ ትኩስ የበቆሎ አጥሚት አስቀምጣላቸው ወጣች፤ የኡባልዶን ብርጭቆ ግን ጠረጴዛው ላይ ጓ አድርጋ ነው ያስቀመጠችው።

"እንግዲህ ከርሞ ምን ልንሆን ነው?" አለ ኡባልዶ ዓይኑን እየጠረገ።

"መንገድ ዳር እንቆማለና፣ እንደ ሰው" አለ ኢፖሊቶ። "አንተ ከፊቴ ትቆማለህ። አጭሩ አንተ ነህ፤ ከኋላዬ ከሆንክ አይታይህም።"

ኡባልዶ አፉን ለክርክር ከፈተ። ከዚያ ዘጋው፤ ብርጭቆውንም አንሥቶ፣ እሺ አለ።